ባለ ስንዝሩ ሽቦ

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ከዕቃ ጠባቂነት ብዙም አይርቅም። አርባ ኮምፒውተር፣ አርባ ኪቦርድና አርባ ማውዝ ፈርሜ ተረክቤያለሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት ፊርማ ማለት አንገት ማለት ነው። ዕቃ ሲሰበር ትጠየቃለህ፤ ሲጠፋ ደግሞ ኮሚቴ ይቀመጥብሃል።

አንድ ክረምት ሦስት ማውዝ ጠፋ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ስለ በሩ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ተማሪው ብዛት አስረዳሁ። በመጨረሻ አንዱ የኮሚቴ አባል ብዕሩን እያሽከረከረ፣ «ቤትህ ኮምፒውተር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።  ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ማውዞቹም እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ከዚያ ቁልፍ ይገዛ ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ እኔ ግን ጩኸቱን ወደድኩት። ዓይነቱን እንድመርጥ የተላክሁትም እኔው ነኝ። ገበያው አጠገብ ያለ የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሁለት ዓይነት አውጥቶ መስታወቱ ላይ ዘረጋልኝ። ሁለቱም የማውዙን ገመድ ነክሶ የሚይዝ ትንሽ ብረት አላቸው። ብረቱ በቀጭን ሽቦ ከጠረጴዛው ጋር ይታሰርና ይቆለፋል። ልዩነታቸው ሽቦው ላይ ነው፤ የአንዱ ሁለት ክንድ ይሆናል፣ የሌላው አንድ ስንዝር።

ባለሱቁ ረጅሙን አንስቶ፣ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ይኼን ውሰድ» አለኝ። «ወላሂ ለትርፌ ብዬ አይደለም፣ ዋጋቸው አንድ ነው። የሰው አቀማመጥ አንድ አይደለም። አንዱ ማውዙን ወደዚህ ይስባል፣ አንዱ ወደዚያ።»

«እኔ የማስበው ስለ አቀማመጥ አይደለም፣ ስለ ሌባ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «ሌባማ ፒንሳ ይዞ ይመጣል።»

ምክሩ አናደደኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ረጅም ገመድ ሁሉ ለሌባ የተዘጋጀ መስሎ ይታየኝ ነበር። ከአጭሩ አርባ አስቆጥሬ ወጣሁ።

ለእረፍት ተማሪው በተበተነበት ጊዜ ሁሉንም አሰርኩ። ኪቦርዶቹ ከድሮም ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ አሁን ማውዝ ሁሉ በየኪቦርዱ ቀኝ ተቸንክሮ ቀረ። የኮምፒውተሮቹንም ሳጥን በብረት ቤት ውስጥ አስገብተን ቆለፍን። ቁልፎቹ አንድ ፖስታ ውስጥ ገቡ፤ ፖስታው ታሸገ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በማኅተሙ ላይ ሦስት ሰው ፈረመ፦ እኔ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛውና የአስተዳደር ኃላፊዋ። ሦስታችን ካልተገኘን አይከፈትም። ይህን ሥርዓት ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ማንም ዳግመኛ ስለ ቤቴ እንዲጠይቀኝ አልፈለግሁም። በሩ ላይ ቆሜ ክፍሉን ሳየው ኮራሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቼ ተኛሁ።

አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል የምትመላለስ ሸቤ ከምትባል ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ፣ ወጌሻው አጥብቆ አስሮት፣ ጣቶቿ እንደተጨበጡ ቀርተዋል። ሁሌም የኋለኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ማውዙን ስባ ወደ ግራ ታዞረዋለች። የመግቢያ ወረቀት ስሰጣት በግራ እጇ ትቀበልና አንገቷን ደፍታ፣ «በግራዬ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» ትለኛለች። አንድ ቀንም ሳትል ቀርታ አታውቅም። እኔም፣ «በእግርሽም ቢሆን ተቀበዪኝ፣ ብቻ እንዳትጥዪው» እያልኩ አሾፍባታለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አርባውን ሽቦ አንድ በአንድ ሳስር፣ የመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ ስደርስ እንኳ ትዝ አላለችኝም።

ተማሪው ገና ከእረፍት እንደተመለሰ የመውጫ ፈተናው በእኛ ክፍል ተሰጠ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም፤ የአራት ዓመት ልፋቷ በዚያ ጠዋት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሁሉም በተመደበለት ቁጥር ተቀመጠ፤ እሷም እዚያው መስኮቱ ሥር ደረሳት። ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ግራ እጇን አነሳች። ማውዙን ስትስበው አልመጣላትም ነበር።

ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ጠራኝ። «ቦታ መቀየር አይቻልም፤ ማውዙን ግን እናንተ ፍቱላት» አለኝ። ሌላ ማውዝ እንዳልሰካላት ሳጥኑም ተቆልፏል። እየሮጥኩ አስተዳደር ሄድኩ። ኃላፊዋ ፖስታውን ከካዝና አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። የንብረት ክፍሉ ሰው ግን የለም፤ ለአጎቱ ቀብር የቡ ወደምትባል ከተማ ሄዷል። ስልክ ደወልኩለት። ከጀርባው የለቅሶ ድምፅ ይሰማል።

«ማሎ፣ ወንድሜ» አለኝ እየለመነ፣ «እኔ ሳልኖር ማኅተሙ እንዳይነካ። ነገ የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ቀብሩ እንዳለቀ እመጣለሁ።»

አልፈረድኩበትም። ፍርሃቱ የእኔው ፍርሃት ነው። ኃላፊዋን አየኋት፣ እሷም አየችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ፖስታውን አየን። አልከፈትነውም።

ተመልሼ ጠረጴዛዬ ጋ ቆምኩ። መሳቢያው ውስጥ ፒንሳ ነበር። ያ ሽቦ በፒንሳ አንዴ ቢጨመቅ የሚበጠስ ነው፤ ባለሱቁ ነግሮኛል፣ እኔም ሳስረው አውቄዋለሁ። መሳቢያውን ከፈትኩት፣ ፒንሳውን በእጄ ነካሁት። ወዲያው ያ ሰውዬ ብዕሩን ሲያሽከረክር ታየኝ። የተቆረጠ ቁልፍ፣ ያልተሟላ ፊርማ፣ እንደገና መጠየቅ። መሳቢያውን ዘጋሁት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ልጅቷ ሰውነቷን ጠምዝዛ ግራ እጇን በኪቦርዱ ላይ አሻግራ ሠራች። አንድ መልስ ትነካለች፣ ክንዷ ኪቦርዱን ይነካና ገጹ ይዘልባታል፣ ትመለሳለች። ሌሎቹ እየጨረሱ ወጡ። እኔ መስኮት የምዘጋ፣ መጋረጃ የማስተካክል መስዬ ዓይኗን ሸሸሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ስክሪኑ በራሱ ተዘጋ። ያልደረሰችባቸው ጥያቄዎች ነበሩ። እሷ ግን እጇን ማውዙ ላይ እንዳደረገች ትንሽ ቆየች።

የንብረት ክፍሉ ሰው ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ጫማው የየቡን ጭቃ እንደያዘ ነበር። ሦስታችን ፈረምን፣ ማኅተሙን ቀደድን፣ የመስኮቱን ሥር ማውዝ ፈታን። ክፍሉ ውስጥ ተማሪ አልነበረም።

ውጤት ሲወጣ ለጥቂት ወድቃለች። ክሊራንስ ልታስፈርም መጣች። ቅጹ ላይ በእኔ ክፍል ትይዩ፣ «ከተማሪዋ የሚፈለግ ንብረት የለም» የሚል ተጽፏል። ብዕሬን አነሳሁ። ፒንሳ ነበረኝ ልላት ፈልጌ ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ እንደዘጋሁት ልነግራት ፈልጌ ነበር።

«መቼ ነው ደግመሽ የምትፈተኚው?» አልኳት በምትኩ።

«ሲጠሩን ጋሼ። እስከዚያ ሸቤ እሆናለሁ።»

ፈረምኩና ወረቀቱን ዘረጋሁላት። እንደ ድሮዋ አንገቷን ደፋች፣ በግራ እጇ ተቀበለችኝና፣

«በግራዬ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለችኝ።