የሾላውን ፈቃድ ፍለጋ ወደ ዋጃ

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ይማም የቆቦን ዛፎች ስንዞር ዋልን። ይማም የከተማው ዛፍ ጠባቂ ነው። ነበር። የመናፈሻውን ኒሞች በጋሪ በርሜል ያጠጣል፣ የታመመ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከከተማ ውጭ ያቃጥላል፣ በሽታው እንዳይዛመት የፋሱን ስለት በበረኪና ያጥባል። በፋሱ ጀርባ ግንዱን መታ አድርጎ ያዳምጣል። ጤነኛውን ኖራ፣ ውስጡ ያለቀውን ቀይ ቀለም ይቀባዋል።

ከገበያው ጀርባ ያለውን ትልቁን ሾላ ሁለት ጊዜ መታው። “አልቋል” አለኝ። “ክረምት ሳይገባ ካልቆረጥነው ሰው ላይ ይወድቃል።” ሲቀባው እጁ ቀለም ነካ፤ ግንዱን ተደገፈ። አምስት ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

ሾላው ግን ዝም ብሎ አይቆረጥም። ሽማግሌዎች ደም ያደረቁበት፣ ባላንጣ ያስታረቁበት ዛፍ ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ሲታመም፣ ሽምግልናውን የመሩት አባት ፈቅደው በፋሱ እጀታ ላይ እርጥብ ሣር ካላሰሩ ማንም አይነካውም። እሳቸው ሼህ አራጋው ናቸው። አርጅተው ዋጃ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ።

ይማም ረቡዕ ሄደ። ሲመለስ ወንዙ ውስጥ ጎርፍ ደረሰበት። ዋጃ ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። የዘነበው ደጋ ነው።

ከይማም አርባ በኋላ ከሾላው አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ወርዶ የሽንኩርት ሻጮችን መደብ ሰበረ። ሰው አልነካም። የመናፈሻው ሠራተኞች ግን ሼሁ ይፍቀዱ አይፍቀዱ አላወቁም፤ ሄደህ ጠይቅ አሉኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን እንዲከለክሉ ነበር የምፈልገው። እጁ እዚያ ነው።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል

የይማምን ፋስ በጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ጨርቁ እያዩ፣ ለሠርግ ነው ለጠብ ብለው ቀለዱብኝ። ለዛፍ ነው አልኳቸው። ለሁለቱም ይሆናል ብለው ሳቁ።

በመስኮቱ ማሽላው ማለቂያ የለውም። ሙቀቱ ገና በጧት ከመሬት ይነሳል፤ ሩቅ ያሉ ግመሎች እግር የሌላቸው ይመስላሉ፣ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ትንሽ አሸለበኝ መሰለኝ። ይማም ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ዋጃ ሲሉ ነቃሁ።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ደረቁ ወንዝ

ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። ለምን እንዳወለቅሁ አላውቅም። አሸዋው ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

ሼህ አራጋው ከበር ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። የማን ወንድም እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ቆዩ፤ አላህ ይዘንለት አሉ። ከዚያ ወደ ጨርቁ አዩ።

“ፋሱን አመጣኸው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ወንድምህ ያለ ፋስ ነው የመጣው። ባዶ እጅ ላይ ሣር አይታሰርም፣ ሂድና አምጣው ብዬ መለስኩት። ምሳ እንኳ ሳይበላ።”

ይህን አላውቅም ነበር። ያን ማክሰኞ፣ ፋሱን ወደ ቤት ይዘህ ግባ ብሎኝ ነበር። እኔ መናፈሻው ዕቃ ቤት ረሳሁት። በነጋታው በሩ ገና ተቆልፎ ነበር። ይማም ምንም ሳይለኝ ሄደ።

“የረሳሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

ከአጎዛው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

“እንግዲያስ ሁለታችንም ይዘነው እንኖራለን” አሉ። “ሾላው ግን ሌላ ሰው አይጨምርብን።”

ከውሃ ጋኑ ሥር እርጥብ ሣር ነቀሉ። ሲያስሩ ቋጠሮውን በጣቴ ያዝኩላቸው። ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም። ልጃቸውን ደግሞ ደጋ ላሉት ዘመዶች ስልክ እንዲደውል አደረጉ፤ ዝናብ አለ ወይ ብሎ። የለም ተባለ። እንደገና አስደወሉ።

ወንዙን ስሻገር ማዶ ቆመው ያዩኝ ነበር። ዳር ስወጣ ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

ማታ ቆቦ ገባሁ። ከዚህ መንገድ ምን ተማርክ ብባል፣ ይማም ሾላውን ሲያዳምጥ ያስብ የነበረው ከሥሩ ስለሚቀመጡት ሰዎች እንደሆነ ገባኝ እላለሁ። ሌላ አላውቅም።

በነጋታው ጧት፣ ሻጮቹ ሳይመጡ፣ ሾላው ጋ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ሣሩን አሳየኋቸው። ስለቱን በበረኪና አጠብኩ። እጄን በቀዩ እጅ ላይ አስቀመጥኩ፤ የእኔ ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ግንዱን በፋሱ ጀርባ መታ አድርጌ አዳመጥኩ። ባዶ ነው። ፋሱን ገለበጥኩና ከእጁ በታች መታሁ።