ገብረጻድቃን እና ትልቁ ኤስኪ

ገብረጻድቃን ቢራ ሊጠምቅ ነው የሚለው ወሬ ከከተማው አንድ ጫፍ ከብሬብሩክ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ዳንደኖንግ ሲደርስ፣ ሰውየው ገና ብቅል እንኳን አልገዛም ነበር። ወሬው መንገድ ላይ ትንሽ ፋፍቶ "ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው" የሚልም ተጨምሮበታል።

ጽገሬዳ የትም አልሄደችም። የእጇን አንጓ ኦፕሬሽን አድርጋ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ችግሩ የማኅበሩ ተራ እነሱ ጋ መድረሱ ነው። በተራቸው ቀን ሁሌም የሚቀዳው የእሷ ጠላ ነበር። ወንድሟ ፍትዊ "ከሱቅ ካርቶን ቢራ ላምጣና ይለፍ" ቢል ገብረጻድቃን ተቆጣ።

"በእኔ ቤት የካርቶን ቢራ አይቀዳም! እኔው እጠምቃለሁ!"

ይህን ያለው ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት ነው። መሃል ከተማ ሕንፃ ሲጠብቅ የኖረ፣ ሻይ ሲያፈላ እንኳን ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ሰው ነው። ካፉ እንደወጣ ራሱም ደንገጥ ብሏል ይባላል፤ ግን ተናገረ፣ አለቀ።

ጠላውን አልደፈረውም፤ ሚስቱ ከሶፋው ሆና እያንዳንዱን ነገር ልታርመው ነው። የፈረንጁን ቢራ መረጠ። የጠመቃ ዕቃ የሚሸጠው ጺማም ሰውዬ ነገሩን አስረዳው። የተከካው ብቅል በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ሙቀቱን ሳይለቅ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ያኔ ውሃው ይጣፍጣል፤ ጣፋጩ ኋላ ቢራ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ቧንቧ የተገጠመለት ኤስኪን የሚያህል የለም። ለሽርሽር በረዶ የሚይዘው ሳጥን ሙቀትም ይይዛል።

"ስንት ሊትር ነው የምትጠምቀው?" ሲል ጠየቀው።

ገብረጻድቃን ግራ ገባው። እንግዳ በሊትር ይለካል እንዴ? "እንደ ሰዉ አመጣጥ ነው" አለ።

ጺማሙ ትንሹን ኤስኪ አነሳለት። "ይሄ ይበቃሃል። ብቅሉ ዕቃውን ሞላ ሲያደርገው ነው ሙቀት የሚይዘው። ትልቅ ውስጥ ትንሽ ብቅል ካስቀመጥክ ባዶው ቦታ ሙቀትህን ይበላዋል።"

ገብረጻድቃን ለሰውየው አዘነለት፤ እንግዳ የማይመጣበት ሰው መሆን አለበት። "ድገሙ፣ ባይሆን ለእኔ ስትሉ" የማይባልበት ድግስ ምን ድግስ ነው? ደግሞ ጋን ያውቃል። ትልቅ ጋን በመግዛቱ የተጎዳ ሰው አይቶም ሰምቶም አያውቅም። ብቅሉን እንደተመከረው ትንሽ፣ ኤስኪውን ግን በግ የሚያስተኛውን ገዝቶ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ተከራይ ልታስገባበት ነው?" አለች ጽገሬዳ።

"ጋኔ ነው።"

"ጠላ እኮ በቀዝቃዛው ነው የሚቀመጥ። ጋን ሙቀት ያዝልኝ ተብሎ ያውቃል?"

"አንቺ ክንድሽን አሳርፊ።"

ቅዳሜ ዘፈዘፈ። ብቅሉ ኤስኪው ወለል ላይ እንደ ተደፋ ገንፎ ስስ ብሎ ተነጠፈ፤ ከላዩ ያለው ባዶ ቦታ ሌላ ቤት ያህላል። ክዳኑን ዘጋ፣ ጋቢውን ደረበለት። ሰዓቱ ሲደርስ ቀድቶ ቀመሰው። ለብ ያለ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር ያልጎበኘው ውሃ። ፍትዊ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሳው።

"ጋሼ፣ አራስ አለች እንዴ?"

"ዝም በል።"

"ካርቶኑን ላምጣና በጆግ እንገልብጠው፤ ማን ያውቃል?"

"ፍትዊ!"

ማኅበሩ አንድ ወር ያህል ነው የቀረው፤ ቢራውም እስኪደርስ ያንኑ ያህል ይፈልጋል። ሌላ ዕድል አንዴ ብቻ ነው ያለው። ትንሹን ኤስኪ ቢገዛ ለሰው አንዳንድ ብርጭቆ ደርሶ ያልቃል፤ "ድገሙ" የሚልበት አፍ አይኖረውም። ትልቁ ካልሞላ ደግሞ አጥሚት ነው። ኤስኪው ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ቆየና ተነሳ፤ ያለው መፍትሔ ኤስኪውን መሙላት ነው። የሚሞላውን ያህል ብቅል ገዝቶ መጣ፤ ያን ሁሉ ውሃ የሚያሞቅ ድስት ግን ቤቱ የለም። ማኅበርተኛው ሃብቶም ጋ የተቀመጠውን የጋራውን ጎላ ድስት ወስዶ፣ ጓሮ ጋዝ ላይ ጣደው።

የረሳው ነገር ቢኖር ያ ድስት ከሃብቶም ጋራዥ የሚወጣው ለለቅሶ ብቻ መሆኑን ነው። ድስቱ መውጣቱ ተሰምቶ ኖሮ፣ ብቅሉን ሳይጨምር በሩ ተንኳኳ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ምግብ የተሸከሙ ወንዶች፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

"ማን ነው? ከአገር ቤት ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ማንም አልሞተም! ቢራ ነው!" አለች ጽገሬዳ።

አንዳንዶቹ ተቆጡ። ግን መጥተዋል፣ ምግቡም አለ። ነጠላው ተስተካከለ፤ ወንዶቹ ሙቁን ውሃ እየተቀባበሉ አፈሰሱ፤ አንዲት ሴት "ጓጎለ እኮ!" ብላ ማማሰያውን ከእጁ ነጠቀችው። ኤስኪው እስከ አፉ ሞላ። ሰዓቱ ደርሶ ቧንቧው ሲከፈት ገብረጻድቃን ጣቱን ነክሮ ላሰ፤ እንደገና ላሰ። ጣፋጩ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እርሾ ገብቶበት ጋራዥ ተቀመጠ።

የማኅበሩ ዕለት ጆጉ ሲዞር ገብረጻድቃን ኩሽና በር ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት ይሰልል ነበር። ከጠላ ይቀጥናል፣ ከካርቶን ይወፍራል ተባለ። ፍትዊ ጨለጠና ብርጭቆውን ዘረጋ። "ድገም" ሊል አፉን የከፈተው ገብረጻድቃን አፉን ዘግቶ ቀዳለት።

ሃብቶም ኩሽና ገብቶ ጽገሬዳን በቀስታ ጠራት።

"እትዬ፣ የሚቀጥለው ተራ የእኛ ነው። ኤስኪውን ብታውሱን... ጋሼም አብረውት ቢመጡ..."

"ኤስኪው ይቆይህ" አለች ጽገሬዳ። "እሱን ግን ሰኞ መልስልኝ፤ ሺፍት አለው።"