ባለቤት የሌለው መቋሚያ

አሰብ ሳለሁ የምንሳለመውን ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የባሕሩ ጨው በልቶት፣ የመቅደሱም መጋረጃ ወይቦ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ግን በወንዶች በር ጥግ የተከመረው መቋሚያ ነበር። ሁላችንም ለሥራ ከደጋ ተመድበን የመጣን ሰዎች ነን፤ ስንዛወር መቋሚያችንን እዚያው ትተን እንሄዳለን።

ከዓመት እረፍት በተመለስኩ በመጀመሪያው እሑድ፣ አጠገቤ ቆሞ ያስቀድስ የነበረውን የነዳጅ ማጣሪያውን ቴክኒሻን አጣሁት። አናቱን በመዳብ ሽቦ የጠመጠመው መቋሚያው ከክምሩ ላይ ተጋድሟል።

«አባ፣ ይሄም ሰውዬ ሳይሰናበተኝ ተዛወረ?» አልኳቸው ቄሱን፣ ተበሳጭቼ።

«አዎ ልጄ፣ ተዛወረ።»

«ወዴት?»

በአገጫቸው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ያለውን አዲስ መቃብር አሳዩኝ።