ከግንቡ የተፋቀ ኖራ

የልጅ ልጄ ለሥራ ጎንደር ሄዳ ስትመለስ የተነሳችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ሮቤ ከተማ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። ፎቶው ላይ ከፋሲል ግንብ ሥር ቆማ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋለች። እኔ ሳላስበው፣ “እጅሽን አንሺ!” ብዬ ጮህኩ።

“ኧረ አባባ፣ ፎቶ እኮ ነው!” ብላ በሳቅ ፍርስ አለች።

ትሳቅ፤ እሷ ምን ታውቃለች። እኔ ግን ያን ግድግዳ የነካ ሌላ እጅ አውቃለሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ሮቤ ገበያ ውስጥ ስላደግሁ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፌ ላይ ነበር። ከአካባቢያችን የተመረጡ የገብስና የስንዴ ገበሬዎች ወደ ሰሜን ለጉብኝት ሲላኩ፣ “አንተ ታስተረጉማለህ” ተባልኩና አውቶቡስ ላይ ተጫንኩ። መሪያችን አቶ መንገሻ የሚባሉ ጎባ ቢሮ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ግን ባለሥልጣን ፊት ሲቆሙ ኮታቸው የሚጠባቸው ዓይነት።

ከገበሬዎቹ አንዱ ኦቦ ከድር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው። አማርኛ አይሰሙም። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ጎባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ልጆቻቸው፣ “እኛ አለን፣ ይሂዱ” ብለው ግድ ስላሏቸው እንጂ ልባቸው እዚያው ከአልጋዋ ሥር ቀርቷል። ወሩ ጥር ነው፤ አዝመራው ገብቶ አገሩ ሁሉ ገለባ ለብሷል። በየምሳ ቤቱ ሥጋ ሲቀርብ እኛ ሙስሊሞቹ በሽሮ እናልፈዋለን፤ ሲመሽ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ከየቋጠሮው ይወጣል። ኦቦ ከድር ለሁላችን እየቆረሱ ያድላሉ፣ እሳቸው ግን አይቀምሱም። “ይብሉ እንጂ” ስላቸው፣ “ጉሮሮዬ ጎባ ነው ያለው” ይሉኝ ነበር።

ጎንደር እንደደረስን አንድ ፈጣን ምላስ ያለው ወጣት አስጎብኚ ተቀበለን። ከተማዋን በእግር አዞረን፤ ገበያውን፣ ጠባብ መንገዱን፣ አሮጌ ቤቶቹን። ከዚያ ወደ ግንቡ ግቢ አስገባን። የኛ ሰው የሣር ክዳንና ቆርቆሮ ነው የሚያውቀው፤ ያን የድንጋይ ተራራ ሲያይ አንጋጦ ቀረ። አስጎብኚው አንድ ሲል እኔ አንድ ስል፣ የአንበሶቹን ቤት፣ የግብሩን አዳራሽ አለፍን። እሱ ይሮጣል፣ እኔን ያልበኛል።

አንድ ጠባብ ክፍል ጋ ስንደርስ፣ “ንጉሡ ብቻቸውን የሚጸልዩት እዚህ ነበር” አለ። እኔም እንዳለው ተረጎምኩ። ሁሉም አይቶ ወጣ። ኦቦ ከድር ግን ወደ ኋላ ቀሩ።

በኛ አገር የታላቁ ሼክ መቃብር ወዳለበት ድሬ ሼክ ሁሴን የሄደ ሰው ከዚያ ነጭ አፈር ሳይዝ አይመለስም። ለታመመ ሰው ግንባሩ ላይ ይቀባለታል። ያ አፈር ለመጣ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ የሚከለክልም የለ። ለኦቦ ከድር፣ ታላቅ ሰው የጸለየበት ቦታ ሁሉ እንደዚያው ነው።

ጩኸት ስሰማ ሮጬ ተመለስኩ። አንድ ጎልማሳ ዘበኛ የኦቦ ከድርን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ግድግዳው ላይ አዲስ ጭረት ይታያል፤ በኩታቸው ጫፍ የቋጠሩት ኖራ ይረግፋል።

“ሌባ! ቅርስ ታፈርሳለህ? ወደ ፖሊስ ጣቢያ!”

አቶ መንገሻ ላባቸው ችፍ አለ። ጆሮዬ ሥር ተጠግተው፣ “ከመሬት አነሳሁት ይላል በል። ጤናም የለውም በል!” አሉኝ።

“ምን አለ ሰውዬው? ተናገር እንጂ!” ዘበኛው አፈጠጠብኝ።

አውቶቡሱ ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እኚህ ሰው እዚህ ከታሰሩ ቋንቋቸውን ማን ይሰማል? ማን ያስፈታቸዋል? አዴ ፋጡማስ ማንን እየጠበቀች ልትተኛ ነው? ኦቦ ከድር ዓይናቸውን ከከንፈሬ ላይ አልነቀሉም። “ኢልመ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “የምልህን ሳትቀንስ ንገርልኝ። በዱዓ ቦታ ቆሜ አልዋሽም። በጥፍሬ ፍቄ ወስጃለሁ። ለሚስቴ ነው።”

ወደ ዘበኛው ዞርኩ። ኦቦ ከድር እንዳሉኝ ተናገርኩ። አቶ መንገሻ ራሳቸውን ያዙ።

“ይኸው! አመነ!” አለና ዘበኛው ይጎትታቸው ጀመር። ይሄኔ አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ከደረጃው ወረዱ፤ የዘበኞቹ አለቃ ናቸው። “ቆይ እስቲ፣ ልቀቀው” አሉ። “ሚስቱ ምን ሆናለች?”

ሕመሟንም፣ የሼክ ሁሴንን አፈርም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ቋጠሮውን ፈትተው ዱቄቱን በጣታቸው ነካኩ።

“እኛም ዘንድ እምነት የሚባል አለ፤ ከቤተ ክርስቲያን አምጥተን ለበሽተኛ የምንቀባው” አሉ። “ግን ንገረው፤ እዚህ ነገሥታት እንጂ ቅዱሳን አልኖሩም። ይበሉ፣ ይጠጡ፣ ይጣሉ ነበር። ደግሞ ይሄ ግንብ ራሱ በሽተኛ ነው። በክረምት ዝናቡ ይበላዋል። እያየሁት ነው የሚያልቀው። ታማሚ ሌላ ታማሚ ያድናል ወይ?”

አስተረጎምኩ። ኦቦ ከድር ገርሟቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የፋቁበትን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

“ታሟል አልክ?”

“ታሟል ይላሉ።”

ኖራውን ከኩታቸው አራግፈው ግድግዳው ሥር አፈሰሱት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለግንቡ ዱዓ ማድረግ ያዙ። “ያ ረቢ፣ አሽረው። ባለቤቶቹ ሞተዋል፣ አስታማሚው እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸውም ጉልበት ስጣቸው።” ከበር የተመለሱት ገበሬዎቻችን ሁሉ፣ “አሚን!” አሉ፤ ክፍሉ አስተጋባ።

“ምን እያለ ነው?” አሉ ሽማግሌው።

ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ። “ሂዱ፣ መኪናው እንዳያመልጣችሁ” አሉን።

ጎባ እንደገባን ከኦቦ ከድር ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው፣ “ባዶ እጄን መጣሁ፣ ፋጡማ። እዚያም በሽተኛ ገጠመኝና ያንቺን ዱዓ ለእሱ ሰጠሁት” አሏት። አዴ ፋጡማ ደክማ ነበር፤ ግን ፈገግ ብላ፣ “ደግ አደረግህ። እኔ አንተ አለህልኝ” አለች። ክረምቱን አልዘለቀችም።

ኦቦ ከድርም ካለፉ ቆየ። እኔም ተራዬ ደርሶ ለጉልበቴ ሕክምና በሚኒባስ ጎባ እመላለሳለሁ። ረጅም ሰልፍ ነው፤ ሰው በሕመሙ ተናዶ እርስ በርስ ይገፋፋል። እኔ ወንበሩ ላይ አረፍ እልና ከጎኔ ወዳለው ሰው እዞራለሁ። የማን ወገን እንደሆነ፣ በየትኛው ሃይማኖት እንደሚጸልይ አልጠይቅም። “አንተን ምን አመመህ?” ነው የምለው። እስኪጨርስ እሰማዋለሁ፤ ለዱዓ እጄን እዘረጋለታለሁ። የኔን ሕመም ሐኪሙ ሲጠራኝ እነግረዋለሁ።