ቁልፍ ሠሪውና ስድስተኛው በር

ቁልፍ ሠሪው ኮምፒውተሩን በመስኮት ወረወረው አሉ። ከሦስተኛ ፎቅ ነው ያሉ ነበሩ፤ አራተኛ ያደረሱትም አልጠፉም። ሕንጻው ሁለት ፎቅ ብቻ መሆኑን ያስታወሰ የለም። ምክንያቱ ደግሞ ጨዋታ ነው። አዲሱ የኮምፒውተር ጨዋታ ቀሎበት ደሙ ፈላ፣ አብራው የምትጫወተውን እኅቱን ሰደባት፣ እሷም እያለቀሰች ወጣች፣ ከዚያ ወረወረው። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያወራ ምላጩን እንደ ጎራዴ ስለሚያወዛውዝ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አምኗል። ማን ይከራከራል?

ለእኔ ግን ወሬው አልዋጥልኝ አለ። ይህ ሰው የተሰበረ ቁልፍ ሲያመጡለት «አይዞህ» የሚለው ለባለቤቱ ሳይሆን ለቁልፉ ነው። ሱቁ ደረጃ ሥር ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንደኛው ትንፋሹን ውጦ መቆም አለበት። ከአባቱ ከተረከባት ጀምሮ ከዚያች ጉድጓድ ጮክ ብሎ የተሰማ ነገር ቢኖር ሞረድ ነው።

የሆነውን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው፤ የቁልፍ ሠሪው እኅት ከእሷ ጋር አንድ ቢሮ ትሠራለች።

ወንድምና እኅት ወጣት ሳሉ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር አብረው ገዙ። ውስጡ ጨዋታ ተቀምጦ አገኙ። አንድ መንገደኛ ትፈጥርና ከመሬት በታች ባለች ከተማ ውስጥ ሰባት በሮች ታሳልፈዋለህ። የያኔው ጨዋታ እንደ ዛሬው ሰው አያባብልም። አንድ ሽማግሌ «ከደረቀው ጉድጓድ አልፈህ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ሂድ» ይልህና አፉን ይዘጋል፤ ደግመህ ብትጠይቀው አያውቅህም። ካልጻፍከው ቀረህ። ስለዚህ ወንድም ይጫወታል፣ እኅት ባለካሬ ደብተር ላይ ካርታ ትሥላለች። የሣለችው ሁሉ ቢዘረጋ ከተማውን አልብሶ ለጎረቤት ከተማ ነጠላ ይተርፍ ነበር።

ጥፋቱ የተሠራው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጨዋታው ሠላሳ ነጥብ ይሰጥህና «ለመንገደኛህ አከፋፍል» ይልሃል፤ ለጉልበት፣ ለብልሃት፣ ለአንደበት፣ ቁልፍ ለመክፈት። የቁልፍ ሠሪ ልጅ ምን ያደርጋል? ሠላሳውንም ቁልፍ መክፈት ላይ አፈሰሰው።

«ኧረ ትንሽ ምላስ ስጠው!» አለችው።

«በሩ ከተከፈተለት ምን ያወራል?»

መንገደኛው የማይከፍተው በር ጠፋ፤ ከበሩ ኋላ ግን የሚያናግረው ሰው አልተገኘም። ገና «ሰላም» ከማለቱ ውሻ ይለቁበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት በር አለፈ። ስድስተኛው ላይ ቁልፍ የለም፤ ያለው ዘበኛ ነው። በቃል ካላሳመንከው አያሳልፍህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠኑት።

«በናትህ እንደ አዲስ እንጀምር» ስትለው «የደከምንበትስ?» ይላል።

አንድ ቀን ደብተሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና «አንተና ያ መንገደኛህ አንድ ናችሁ። ከሰው ጋር ማውራት አልፈጠረባችሁም!» ብላው ወጣች። ሥራ አገኘች፣ ሌላ ሰፈር ተከራየች፣ አገባች። እሱ ሠርጓ ላይ ተገኝቶ የአዳራሹን በር ማጠፊያ ሲጠግን ዋለ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። እሺ በቃ» ብቻ ሆነ፤ አሥራ አምስት ዓመት።

ዘንድሮ ያው ጨዋታ ታድሶ ወጣ። ገዛና ሳይከፍተው ደወለላት። «ነይና እንጨርሰው» አለ። ለእሱ ይህ ዲስኩር ነው። የጨዋታ ጉዳይ እንዳልሆነ እሷም ገብቷታል፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ መነሻ ያጣ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ መጣች።

አዲሱ ጨዋታ ነጥብ አከፋፍሉ አይልም። አረንጓዴ ቀስት መሬት ለመሬት እየሮጠ ይመራሃል፤ ሽማግሌው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀስቱ ደርሶ ይጠብቅሃል። ሞትክ? ምንም አይደል፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለህ ትነሣለህ። ካርታው ተሥሎ ያደረ ነው። ወንበሩ ላይ ድመት ብታስቀምጥ እስከ አምስተኛው በር ትደርሳለች።

«ደብተሩን ልፍታው?» አለች።

«ቆይ፣ ያስፈልገናል።»

አላስፈለገም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስድስተኛው በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ያው ዘበኛ ነው። ሦስት ምርጫ ብቅ አለ፤ አንዱ አጠገቡ ቡጢ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ልብ ተሥሎበታል። ልብ ያለበት «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። እሱን ተጫነ። ዘበኛው «እለፍ ወዳጄ» ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ እኛ ሁለት ዓመት ምን ነክቶን ነው?»

መልስ ጠበቀች። ሁለት ሻይ የማትጠጣ ሴት ሁለተኛ ብርጭቆ ጠጣች፣ ቀስ እያለች። ሰባተኛውም በር አለፈ፣ የአዘጋጆቹ ስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ፣ እሱ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነባል። በመጨረሻ ከአፉ የወጣው «ታክሲ ሳይጠፋ ብትሄጂ ይሻላል፣ ሚጡ» ነው።

ፌስታሏን እንዳመጣችው ይዛ ተነሣች። «ዘበኛውን እንኳ ይቅርታ ብሎታል እኮ» አለቻት ለባለቤቴ።

ማክሰኞ የጓዳ ቁልፍ ላስቀርጽ ሄድኩና ሰፈሩ የሚያወራውን ሳልቀንስ ነገርኩት። ሞረዱን አስቀመጠ።

«ማን ነው የወረወረው? ኮምፒውተሩ ቤት ቁጭ ብሏል። ጨዋታውም ጥሩ ነው፣ አልተናደድኩም። እሷም አላለቀሰችም። አልሰደብኳትም፣ ጋሼ። ምንም አልተናገርኳትም።»