ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመው ካርድ

ታናሽ እህቴ ቤዛ ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ገና ስለደረሰ የመልካም ምኞት መልእክት ጻፍልኝ ነው ነገሩ፤ ለአለቃዋ፣ ለእጮኛዋ እናት፣ ለጎረቤቷ። "ሁሉም ልብ የሚነካ ይሁን፤ ግን አጭር" አለችኝ። ልብ የሚነካ አጭር ነገር ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ለአለቃዋ ጤናና እድገት ተመኘን፤ ለእጮኛዋ እናት ረጅም ዕድሜ ለመንን። ጎረቤት ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። ሠላሳ ሳይሞላኝ እንደ ሽማግሌ ትዝታ ማውራቴ ቤዛን ያስቃታል፤ ነገር ግን ለጎረቤት በጻፍኩት ካርድ የፈራሁትን ያህል በምንም ፈርቼ አላውቅም።

ጅጅጋ ላይ ያ የሐምሌው ረብሻ ካለፈ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ገና ነበር። እኛ የጅጅጋ ልጆች ነን፤ አያታችን ከመሀል አገር በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። በሐምሌ መንጋው ከመሀል አገር የመጣ የሚለውን እያደነ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ጎረቤታችን ኤዶ ሩቂያ እናቴን፣ ቤዛንና እኔን ጎትታ የከሰል ማስቀመጫዋ ውስጥ ከተተችን። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንጠራት እንደዚያ ነው። በበሩ ስንጥቅ የሚታየኝ የአንድ ሰው ጢም ብቻ ነበር፤ በሂና የቀላ ጢም። ኤዶ ፊቱ ቆማ "እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ማንም የለም" ትላለች። ሰውየው ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጢሙ የቀላ ሰው ሳይ መንገድ እቀይር ጀመር። ጅጅጋ ውስጥ ደግሞ ጢሙን ሂና የማይቀባ አዛውንት ከስንት አንድ ነው።

ቤታችን ስለተቃጠለ ሌላ ሰፈር ተከራይተን ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ የጅጅጋ ነፋስ ይደርቃል፤ አቧራው ከጥርስ መሀል አይጠፋም። ከምናውቃቸው ብዙዎቹ ከተማውን ለቀው ሄደዋል። እናቴ ግን "በዓል በዓል ነው" ብላ ዳቦ ደፋች፤ እኔም ጠርዛቸው የወየበ የገና ካርዶች ገዝቼ መጻፍ ያዝኩ። ድሬዳዋ ለሄደችው አክስቴና ለክርስትና አባቴ የተለመደውን ጻፍኩ። ለኤዶ ሩቂያ ግን የተለመደው አልበቃኝም። ከነስሟ፣ ያደረገችውን አንድ በአንድ ጻፍኩላት።

በበዓሉ ጠዋት ባጃጅ የሚነዳው የኤዶ ልጅ መጥቶ ካርዱንና ዳቦውን ወሰደ። ሥጋችንን እነሱ አይበሉም፣ የእነሱንም እኛ፤ ዳቦ ግን ሃይማኖት የለውም። ቀትር ላይ የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ጋሽ ታደሰ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። የጻፍኩትን በኩራት ነገርኳቸው። የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

"ስሟን ጽፈሃል?"

"አዎ።"

"እናንተን መደበቋንም?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ነገሩ መዳፈኑን እንጂ መጥፋቱን ማን ነገረህ? ነገ ቢነሳ፣ ያቺ ሴት እናንተን እንዳተረፈች በገዛ እጅህ ጽፈህ ሰጠሃቸው።"

እናቴን ሳልሰናበት ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩ። ካርዱን ማንም ሳያየው መመለስ ነበረብኝ፤ ከሐምሌ ወዲህ ግን የድሮ ሰፈራችንን ረግጬው አላውቅም። ጫት ሻጮቹ ባሉበት ስናልፍ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። የጠቆረው ግድግዳችን ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ካሌ፣ ና ግባ" አለችኝ ኤዶ በሩን ከፍታ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እያደባለቀች። "እንኳን አደረሳችሁ። እናትህስ?"

ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን ይዘዋል፤ የግመል ወተት የገባበት ሻይ ይዞራል። ካርዴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ቆሟል። አንስቼ ኪሴ ልከተው ስል ኤዶ ቀደመችኝ።

"አማርኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። እስቲ አንብብልኝ፣ እንግዶቼም ይስሙ።"

ያኔ ነው በሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ያየሁት። ጢሙ ቀይ ነበር።

"ለውድ ኤዶ ሩቂያ" ብዬ ጀመርኩ። መሀሉን ዘልዬ "መልካም በዓል" ብዬ ጨረስኩ።

"ይሄ ሁሉ ጽሑፍ የሚለው ይህንን ብቻ ነው?" አለች ኤዶ።

ቀይ ጢሙ ሰውዬ እጁን ዘረጋ። "አምጣው፣ እኔ አነባለሁ።" ሰጠሁት። የቢሮ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ቀስ እያለ አጥርቶ አነበበው። "ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ደብቀሽ ስላተረፍሽን፣ አምላክ ልጆችሽን ያትርፍልሽ። 'ማንም የለም' ያልሽበት ድምፅ ሁልጊዜ ይሰማኛል።" በሩን አየሁ፤ በሩ ጋ ያለው እሱ ነው። አለቀልን፣ ኤዶም አለቀላት አልኩ በልቤ።

"እኛም ቤት ነበሩ" አለ ካርዱን እያየ። "አንዲት ሴት ከአራስ ልጇ ጋር። ወተቷ በድንጋጤ ደርቆ ልጁ ሊያለቅስ ሲል ልጄ አጠባችው። በእኛ ዘንድ ያጠቡት ልጅ እንደ ወለዱት ነው፤ የልጅ ልጄ ሆነ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን መኪና ላይ ጫንናቸው። ይድረሱ አይድረሱ አናውቅም። እኛ ቤት ካርድ አልመጣም።"

ኤዶ ካርዱን ተቀብላ መልሳ እቦታው አቆመችው። "እዚህ የሚፈራ ሰው የለም" አለችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ አላነሳሁም።

በማግስቱ የተረፈኝን አንድ ካርድ ለዚያ ሰው፣ ለሐጂ ሙሴ ጻፍኩ። ደህና ናቸው ብዬ መዋሸት አልሆነልኝም። "የልጅ ልጅዎ ያለበትን አላውቅም፤ እሱ እስኪጽፍልዎ እኔ እጽፋለሁ" አልኩ። እስካሁን በየገናው ጽፌያለሁ።

"ታዲያ ለጎረቤቴ ምን እንበላት?" አለችኝ ቤዛ።

"መጀመሪያ ስሟን ጻፊ" አልኳት። "ቀጥሎ ያደረገችልሽን።"

እሷ ስትጽፍ እኔ የሐጂ ሙሴን የዘንድሮ ካርድ አወጣሁ። ያ አራስ በሕይወት ካለ አሁን ፊደል ቆጥሯል፤ ስሙን መጻፍ ይችላል። አንድ ገና ላይ የእሱ ካርድ ቀድሞ፣ የእኔ ካርድ እዚያ ቤት ሁለተኛ ሆና እንድትደርስ እመኛለሁ። እስክሪብቶ በጨበጥኩ ቁጥር ግን እዚያ የምትደርሰው ዛሬም የእኔ ብቻ እንዳትሆን እፈራለሁ።