የመታጠፊያው ድርሻ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴን ሳስብ አስቀድሞ የሚታየኝ መንገድ የሚለኩበት ገመድ ነው። በንጉሡ ዘመን የመንደራችን ጭቃ ሹም ነበሩ። ክረምት ሲወጣ ወደ ቁይ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ለክተው፣ እንዲጠግነው ለየቤቱ ያከፋፍላሉ፤ ጅረቱ የሚበላውን መታጠፊያ ግን ሁልጊዜ ለራሳቸው ቤት ያስቀራሉ።

«ክፉውን ለሰው ሰጥቼ በምን አፌ ልዘዝ?» ይሉ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣሁበት አንድ ዓመት፣ ዶማ ይዞ ለተሰበሰበው ሰው መንገድ መጠገን የመንግሥት ግዴታ መሆኑን አስረዳሁ።

«እሰይ የኛ ጠበቃ!» አለ አንድ ጎረቤት፤ ሁሉም ሳቁ።

«መንግሥት እስኪመጣ ዝናቡ ይጠብቅሃል፣ ልጄ?» አሉኝ አጎቴ።

ሰዉ ግን የእኔን ቃል ይዞ፣ ዶማውን ተሸክሞ ተበተነ። አጎቴ ብቻቸውን ቆፈሩ። እኔም ቃሌን ላለማጠፍ ስል ቆሜ አየኋቸው። ሥራው ሳያልቅ ቀረ።

በተከታዩ ክረምት ጅረቱ መታጠፊያውን ቆርጦ ወሰደው። በዚያው ወር አጎቴ በጽኑ ታመሙ፤ ከቁይ ያስመጣነው መኪናም ከማዶ ቆሞ ቀረ። በቃሬዛ ተሸክመናቸው ጭቃው ውስጥ ስንገባ እጄን ያዙኝ።

«ቀስ በል፤ እዚህ ጋ ያንሸራትታል» አሉኝ።

አልወቀሱኝም። መኪናው ዘንድ ሳንደርስ አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ ሰዉን ለመንገድ የሚጠራ ጠፋ፤ ገበያተኛውም በእርሻ መሃል መዞር ጀመረ። ሕጉን በትክክል ተናግሬ ነበር፤ ዛሬም ብመረምረው ስህተት አላገኝበትም። ነገር ግን ያን ቀን ከጎናቸው ቆሜ እንዳልቆፍር የሚከለክለኝ ሕግ አልነበረም።